«በመንግሥት የታወቀ» ሐኪም ቤት ማለት ምን ማለት ነው?

ለሚዛን ተፈሪ፣ ለቴፒና ለአካባቢው ነጋዴዎች የቀረበ ማብራሪያ

ቡና የሚነግድ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ባለቤቱ «ቡናዬ ጥሩ ነው» ስላለ ብቻ ገዥ አያምነውም። ቡናው ወደ ውጭ አገር ከመላኩ አስቀድሞ ናሙናው ይወሰዳል፤ እንከኑ ይቆጠራል፤ ተቆልቶና ተፈልቶ በቀማሽ ይቀመሳል፤ ከዚያም በኋላ ደረጃው ሻጭም ገዥም ባልሆነ መርማሪ ይጻፍለታል። ነጋዴው ዋጋውን የሚነጋገረው በዚህ ወረቀት ላይ ተመሥርቶ ነው።

ሐኪም ቤትም እንዲሁ ነው። የሕንጻው ትልቅነት ወይም የስሙ መሰማት ብቻውን አይበቃም። ምን ዐይነት ሕመም ለማከም እንደሚችል ተመርምሮ፣ ደረጃው ተወስኖ፣ የብቃት ማረጋገጫ ሊሰጠው ይገባል። «የታወቀ» የሚለው ቃል የሚያመለክተው ይህንን ነው።

ጉዳዩ የሐኪሞች ብቻ መስሎ የሚታየው ነጋዴ ቢኖር፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣውን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156ን ይመልከት። የሙከራ ጊዜውን የፈጸመ ሠራተኛ ታምሞ ከሥራ ሲቀር የሕመም ፈቃድ የሚያገኘው፣ በመንግሥት ከታወቀ የሕክምና ድርጅት የተሰጠ ማስረጃ ሲያቀርብ ነው። ማስረጃው ከቀረበ አሠሪው ለመጀመሪያው አንድ ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ለሚቀጥሉት ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ ይከፍላል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት ክፍያ የሌላቸው ናቸው። እንግዲህ ወረቀቱን የሰጠው ድርጅት የታወቀ መሆንና አለመሆኑ ለሠራተኛው የእንጀራ፣ ለአሠሪው የሒሳብ ጉዳይ መሆኑ ግልጽ ነው።

ዕውቅናው የሚሰጠው እንዴት ነው? በ2002 ዓ.ም. የወጣው የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 661 የጤና ተቋማት የብቃት ማረጋገጫ ሳይኖራቸው እንዳይሠሩ ደንግጎ ነበር። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ለየደረጃው ሆስፒታል የሚያስፈልገው መስፈርት በአገር አቀፍ ደረጃ ወጣ። በመስፈርቱ መሠረት የሚመረመሩት ነገሮች ብዙዎች ሲሆኑ፣ ዋና ዋናዎቹ የባለሙያዎቹ ዐይነትና ቁጥር፣ የቀዶ ሕክምና ክፍሉ፣ ላቦራቶሪው፣ የመድኃኒት ክፍሉ፣ የውሃውና የመብራቱ አቅርቦት እንዲሁም የቆሻሻው አወጋገድ ናቸው።

የአገራችን ሆስፒታሎች በሦስት ደረጃ የተከፈሉ ናቸው። የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ለሚደርስ ሕዝብ እንዲያገለግል የታቀደ ሲሆን፣ አስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ማድረግ፣ በምጥ የተቸገረች እናትን በቀዶ ሕክምና ማዋለድና ደም መስጠት ይጠበቅበታል። ጠቅላላ ሆስፒታል ከ1 ሚሊዮን እስከ 1.5 ሚሊዮን ለሚደርስ ሕዝብ የታሰበ ነው፤ ልዩ ልዩ ሐኪሞችን ይይዛል፤ ከታችኛዎቹ የሚላኩለትን ሕሙማን ይቀበላል። ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ደግሞ ከ3.5 ሚሊዮን እስከ 5 ሚሊዮን ለሚሆን ሕዝብ የመጨረሻው መድረሻ ነው። ከእነዚህ ሁሉ በታች ጤና ጣቢያና ጤና ኬላ አሉ።

አሁን ወደ አካባቢያችን እንመለስ። በሚዛን አማን ከተማ የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል፣ በቴፒ የቴፒ ጠቅላላ ሆስፒታል፣ በቦንጋ የገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል ይገኛሉ። ከዚህ የበለጠ ሕክምና የሚያስፈልገው ሕመምተኛ ብዙውን ጊዜ የሚላከው ወደ ጅማ ነው። የጅማው ሆስፒታል በጣልያን ወረራ ዘመን የተቋቋመና ዛሬ በዩኒቨርሲቲው ሥር የሚያገለግል ሲሆን፣ ከሚዛን ተፈሪ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በክረምት ይህን መንገድ በጭነት መኪና የሄደ ነጋዴ የርቀቱን ትርጉም ያውቀዋል። ለቡና ጭነት የግማሽ ቀን መዘግየት የገንዘብ ጉዳት ነው፤ ደም ለሚፈሳት ወላድ ግን የሕይወት ጉዳይ ነው።

ስለዚህም የሆስፒታሉን ደረጃ አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። በሌሊት ከእርሻ ላይ የተጎዳ ሠራተኛ ቢመጣና ቀዶ ሕክምና ወደማይደረግበት ቦታ ቢወሰድ፣ ሁለትና ሦስት ሰዓት በከንቱ ያልፋል። የትኛው ሐኪም ቤት ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ አሠሪ ግን ሾፌሩን በቀጥታ ወደሚገባው ቦታ ይልካል። ሕጉም ቢሆን በሥራ ላይ ለተጎዳ ሠራተኛ የመጀመሪያ ርዳታ ሰጥቶ በአቅራቢያው ወዳለ የሕክምና ማዕከል የማድረስን ግዴታ የጣለው በአሠሪው ላይ ነው።

ይህ ጥንቃቄ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው በቡና ለቀማ ወራት ነው። ቡናው የሚቀላበትና የሚለቀምበት ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ፣ ዝናቡ አባርቶ በቆላው የወባ ትንኝ የሚበረታበት ጊዜም ነው። በበበቃ፣ በቴፒና በአካባቢው ላሉት እርሻዎች ከደጋው አገር ብዙ ለቃሚ ይመጣል። ከደጋ የመጣ ሰው ሰውነቱ ወባን ስላልለመደ፣ በሽታው በያዘው ጊዜ ፈጥኖ ይጸናበታል። የታመመ ለቃሚ ቢበዛ የቀላው ቡና በዛፉ ላይ ይደርቃል፤ የወደቀውም ይበላሻል። እንግዲህ ሆስፒታሉና ከሥሩ ያሉት ጤና ጣቢያዎች፣ እንደ መንገዱና እንደ መጋዘኑ ሁሉ፣ ለቡናው ንግድ መሠረት ናቸው ማለት ስሕተት አይሆንም።

የባለሱቆችንም ጉዳይ አንዘነጋም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ወደ ብዙ ወረዳዎች ተስፋፍቷል። የተዘጋጀውም ደመወዝተኛ ላልሆነው ለገበሬውና ለአነስተኛ ነጋዴው ነው። አንድ ቤተሰብ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮውን ከፍሎ፣ መድኑ ውል በተዋዋላቸው ተቋማት ይታከማል። አባሉ ግን ሥርዐቱን ሊያውቅ ይገባል፦ አስቸኳይ ካልሆነ በቀር በመጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ፣ ከዚያም የማስተላለፊያ ወረቀት ይዞ ወደ ሆስፒታል መሻገር ነው። ይህን ሥርዐት ዘሎ የሄደ ሰው ወጪውን ከኪሱ ሊከፍል ይችላል።

ለአስመጪዎችም የደረጃው መስፈርት ትልቅ መመሪያ ነው። በየደረጃው የሚያስፈልገው ዕቃ በጽሑፍ ተወስኖ ስለሚገኝ፣ ሆስፒታል ምን እንደሚፈልግ በግምት ማሰብ አያስፈልግም። ዳሩ ግን መሣሪያውን ብቻ አምጥቶ መለዋወጫውንና ጠጋኙን የማያስብ አስመጪ ከሆስፒታሉ ጋር አብሮ ደንበኛውን ያጣል። ከአዲስ አበባ እስከ ቴፒ ባለው ርቀት የተሰበረ የላቦራቶሪ መሣሪያ ወራት ሊያስጠብቅ እንደሚችል ማስታወስ ይገባል።

በመጨረሻም ዕውቅና አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚያበቃ ነገር አለመሆኑን እናስገነዝባለን። ትናንት አንደኛ የወጣ ቡና ዛሬ በእርጥብ መጋዘን ቢቀመጥ ሽታው ይለወጣል፤ ትናንት ብቁ የተባለ ሆስፒታልም ውሃው ቢቋረጥ፣ መድኃኒቱ ቢያልቅ፣ ሐኪሙ ቢለቅ ደረጃው በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። ሆስፒታሎች በቦርድ ይመራሉ፤ በቦርዱም ውስጥ የሕዝብ ድምፅ የሚሰማበት ቦታ አለ። ነጋዴው ጉድለቱን በቡና ቤት ከማውራት ይልቅ በዚያ ቢናገር፣ ደም በሚለገስበት ቀን ሠራተኞቹን ይዞ ቢሄድ፣ መኪናው ባዶውን በሚመለስበት ጊዜ ሕመምተኛ ቢጭን፣ የራሱንም ንግድ ጠበቀ ማለት ነው።

ስለዚህ አንባቢዎቻችን ከመጪው ለቀማ አስቀድመው ሦስት ነገር እንዲያደርጉ እናሳስባለን፦ በአቅራቢያቸው ያለውን ሐኪም ቤት ደረጃና የሚሰጠውን ሕክምና ይጠይቁ፤ የስልክ ቁጥሩን በመጋዘናቸውና በሱቃቸው ግድግዳ ላይ ይለጥፉ፤ ሠራተኞቻቸውም ማስረጃ የሚቀበሉት ከታወቀ ድርጅት መሆኑን ይንገሩ። ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ግን ሰው የሚያድን ነው።