«ቶር የለም» ሲባሉ ዝም ብለው አይመለሱ
እርሳስ መያዝ፣ ቁልፍ መቆለፍ፣ ጫማ ማሰር የሚያስቸግረው ልጅ ሰነፍ አይደለም፤ የሚረዳው የሪፑይ በዒሱቅ ባለሙያ ነው። በትንሽ ከተማ ግን ባለሙያው ጥቂት ነው። እኛ ነርሶች «ቶር የለም» የተባሉ ወላጆች ዝም ብለው ሲመለሱ እናያለን። የእድገት ችግር ላለባቸው አብዛኞቹ ልጆች ኩፓት ሖሊም ይህን ሕክምና የሚሰጠው እስከ 9 ዓመታቸው ስለሆነ፣ በጥበቃ የሚያልፈው ጊዜ ከልጁ ይቀነሳል።

መጀመሪያ ከሐኪሙ ሀፍናያ ይቀበሉ። ቶሩ ከራቀ፣ ልጁ በአቅራቢያ ከተማ ወይም በግል ባለሙያ እንዲታይ ለኩፓው በጽሑፍ ያመልክቱ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይጠይቁ። የ1994ቱ የጤና መድን ሕግ አገልግሎቱ በተገቢው ጊዜና ርቀት እንዲሰጥ ያዛል። እምቢ ካሉ በኮከብ 5400 ለጤና ሚኒስቴር ይደውሉ። በግል ከመክፈልዎ በፊት የባለሙያውን የሥራ ፈቃድ ይዩ፤ ኩፓው ገንዘቡን ይመልስ እንደሆነም አስቀድመው ያረጋግጡ።