ለቤት ውስጥ ሲኒማ የሚሆን ክፍል፤ ልኩና የስፒከሮቹ አቀማመጥ

በቤቱ ውስጥ ፊልም ለማየት የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያስበው ስለሚገዛው ዕቃ ነው። ቴሌቪዥኑ ስንት ኢንች እንደ ሆነ፥ ስፒከሮቹ ስንት ዋት እንደሚያወጡ ይጠይቃል፤ ዕቃው የሚቀመጥበት ክፍል ስንት ሜትር በስንት እንደ ሆነ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ከዚያ በኋላ የተዋናዮቹ ቃል አልለይ ሲል ድምፁ ይጨመራል፤ ድምፁ ሲጨመር የፊልሙ ፍንዳታ ቤቱን ያናውጠዋል፥ ቃሉ ግን እንደ ተድበሰበሰ ይቀራል። በመጨረሻም ጥፋቱ በዕቃው ይመካኝና ሌላ ይገዛል። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ከድምፁ መሣሪያዎች ሁሉ ትልቁ ክፍሉ ራሱ መሆኑን፥ ይልቁንም ወፍራሙን ድምፅ የሚያበላሸው የክፍሉ ልክ ግድግዳው ከቆመ በኋላ በገንዘብ በቀላሉ የማይታረም መሆኑን ማስረዳት ነው።

ድምፅ በአየር ውስጥ ሲተላለፍ፥ የአየሩ ሙቀት 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። ይህ ፍጥነት የሚለወጠው በሙቀት እንጂ በቦታ ከፍታ አይደለም፤ ሙቀቱ እኩል ከሆነ በእንጦጦ ተራራም በጅቡቲ ወደብም ያው ነው። ፍጥነቱን በንዝረቱ ቍጥር ብናካፍለው የሞገዱን ርዝመት እናገኛለን። በሰከንድ 3,000 ጊዜ የሚነዝር ቀጭን ድምፅ ሞገዱ ከ12 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፤ በሰከንድ 61 ጊዜ የሚነዝር ወፍራም ድምፅ ግን ሞገዱ 5.6 ሜትር ነው። የነገሩ ሁሉ ቍልፍ እዚህ ላይ ይገኛል። ቀጭኑን ድምፅ ምንጣፍና መጋረጃ ውጠው ሊያስቀሩት ይችላሉ፤ ወፍራሙ ግን አንድ ሳሎን ያህል የረዘመ ስለ ሆነ መጋረጃውን ከምንም ሳይቈጥር ያልፈዋል። እርሱን በለስላሳ ነገር ለመዋጥ ቢፈለግ የሞገዱን ሩብ ያህል፥ ማለት 1.4 ሜትር ውፍረት ያለው ጥጥ በግድግዳው ላይ መደርደር ያሻል፤ ይህንም የሚፈቅድ የቤት እመቤት የምትገኝ አይመስለኝም።

ወፍራሙ ድምፅ በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች መካከል ሲመላለስ፥ የግድግዳዎቹ ርቀት የሞገዱ ግማሽ በሆነ ጊዜ ሄያጁና ተመላሹ ተደራርበው የቆመ ሞገድ የሚባለውን ያበጃሉ። በዚህ ጊዜ ድምፁ በግድግዳው አጠገብ እጅግ ይበረታል፥ በመካከሉ ደግሞ ይጠፋል። ነገሩን ለመፈተን የሚፈልግ ሰው አንድ ወፍራም ድምፅ ሳያቋርጥ ከስፒከር እያሰማ ክፍሉን በቀስታ ይዙር፤ በጥቂት እርምጃ ልዩነት ድምፁ ሲያገሣና ሲሞት ይሰማዋል። የትኛው ድምፅ እንደዚህ እንደሚሆን ለማወቅ 343ን በግድግዳዎቹ ርቀት እጥፍ ማካፈል ነው፤ የተገኘውም ቍጥር እጥፍና ሦስት እጥፍ እንዲሁ የቆመ ሞገድ ይሆናሉ።

እንግዲህ ላንድ ባለቤት ርዝመቱ 5.6፥ ወርዱም 5.6፥ ከፍታው 2.8 ሜትር የሆነ ሳሎን ተሠራለት እንበል። ለዓይን የሚያምር ክፍል ነው። ርዝመቱ ሲሰላ በሰከንድ 30.6 ንዝረት ይሰጣል፥ ወርዱም ያንኑ ይሰጣል፤ የሁለቱም እጥፍ 61.25 ነው። ከፍታውም ለብቻው ሲሰላ 61.25 ሆኖ ይገኛል። ሦስቱም አቅጣጫዎች ባንድ ድምፅ ላይ ተባበሩ ማለት ነው። ያ ድምፅ በመጣ ቍጥር ቤቱ ያገሣል፤ ስፒከሩ ርካሽ ቢሆን ወይም ውድ ቢሆን ይህ አይለወጥም። በዘመናችን አምፕሊፋየሮች ውስጥ ያለው ማስተካከያ የበረታውን ድምፅ ሊቀንሰው ይችላል፤ ድምፁ የጠፋበትን ቦታ ግን ሊሞላው አይችልም።

ስለዚህ ሦስቱ ልኮች እኩል እንዳይሆኑ፥ አንዱም የሌላው እጥፍ እንዳይሆን ይመከራል። ሪቻርድ ቦልት የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1946 የሚስማሙትን ልኮች በሥዕል አሳይቷል፤ ላውደን የተባለ ተመራማሪም እ.ኤ.አ. በ1971 ብዙ ልኮችን አነጻጽሮ 1 ለ1.4 ለ1.9 የሆነውን ከሁሉ አስቀድሞታል። ከፍታውን 2.8 ሜትር አድርገን ብናሰላው ወርዱ 3.9፥ ርዝመቱ 5.3 ሜትር ያህል ይሆናል። ይህም ከፊተኛው ሳሎን በ10 ካሬ ሜትር ያህል ስለሚያንስ ብሎኬቱንም ሲሚንቶውንም ይቈጥባል። የቆሙት ሞገዶች 32፥ 44፥ 61፥ 65፥ 88 እያሉ ይበታተናሉ። 61ና 65 እንደ ተቀራረቡ አልሸሽግም፤ ፍጹም የሆነ ክፍል የለም።

የመካከለኛውና የቀጭኑ ድምፅ ነገር ከግንባታ በኋላም ይታረማል። የዚህን ጥናት መንገድ የከፈተው ዋላስ ክሌመንት ሴይቢን ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በፎግ ሙዚየም የትምህርት አዳራሽ ውስጥ የመምህሩ ቃል የማይለይ ሆኖ ስለ ተገኘ፥ ነገሩ ገና 30 ዓመት ላልሞላው ለዚህ የፊዚክስ መምህር ተሰጠው። ሰውየው የዶክትሬት ዲግሪ አልነበረውም፤ መሣሪያዎቹም የኦርጋን ቧንቧ፥ ጊዜ መለኪያና የገዛ ጆሮው ነበሩ። በባዶው አዳራሽ ድምፅ ከተቋረጠ በኋላ ከ5 ሰከንድ ተኩል በላይ ይሰማ ነበር። ሴይቢን ከሌላ አዳራሽ የመቀመጫ ትራስ በሌሊት እያስመጣ፥ በጨመረ ቍጥር ጊዜው እንዴት እንደሚያጥር ለካ። ያገኘውም ደንብ ይህ ነው፤ የክፍሉ ይዘት በሜትር ኩብ ተለክቶ በ0.161 ሲባዛ፥ ከዚያም ክፍሉ በሚውጠው ድምፅ መጠን ሲካፈል፥ ድምፁ ወደ አንድ ሚሊዮንኛው እስኪወርድ የሚፈጀው ሰከንድ ይገኛል። የመዋጡ መለኪያ ክፍት መስኮት ነው፤ በመስኮት የወጣ ድምፅ አይመለስምና።

ይህን በምሳሌያችን ላይ እናውለው። የክፍሉ ይዘት 58 ሜትር ኩብ፥ ወለሉ፥ ኮርኒሱና ግድግዳው ተደምሮ 93 ካሬ ሜትር ነው። የተለሰነ ብሎኬትና የሲሚንቶ ወለል ከመታቸው ድምፅ ከመቶ 3 ያህሉን ብቻ ይውጣሉ ብለን ብንይዝ፥ ክፍሉ በሙሉ የ2.8 ካሬ ሜትር መስኮት ያህል ብቻ ይሠራል፤ ድምፁም 3.3 ሰከንድ ይቆያል። ሰው በሰከንድ አራት አምስት የፊደል ድምፅ ስለሚያወጣ፥ አንዱ ቃል ሳይጠፋ ሌላው ይደረብበታል። ገደል ማሚቶ ተለይቶ እንዲሰማ ክፍሉ ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ጆሮ የሚሰማው መደፍረስን ብቻ ነው። ለፊልም የሚስማማው ግማሽ ሰከንድ ወይም ከዚያ ጥቂት ያነሰ ሲሆን፥ ለ0.45 ሰከንድ የ21 ካሬ ሜትር ክፍት መስኮት፥ ማለት የወለሉን ያህል ያስፈልጋል። ወፍራም ምንጣፍ፥ እጥፋቱ የበዛ ከባድ መጋረጃ፥ ጨርቅ የለበሰ ሶፋና የሚቀመጡበት ሰዎች ተባብረው ወደዚያ ያቀርቡታል። ደንቡ በትናንሽ ክፍሎች ውስጥ ግምት ብቻ ይሰጣል፤ ሆኖም ሴራሚክና መስተዋት የሞላበት ሳሎን ለምን እንደሚንጫጫ ለመረዳት ይበቃል።

ወደ መቀመጫው እንምጣ። በኛ ቤት ልማድ ሶፋ ሁሉ ከግድግዳ ጋር ይለጠፋል፤ በዚያም ወፍራሙ ድምፅ ከልክ በላይ ይበረታል። የክፍሉ እኩሌታም አይሆንም፥ እዚያ ደግሞ ይጠፋል። ከኋላው ግድግዳ የርዝመቱን ሢሶ፥ በምሳሌያችን 1.75 ሜትር ያህል መራቅ መልካም ነው። ተመልካቹ ከስክሪኑ 3.5 ሜትር ይርቃል፤ የስክሪኑ ወርድ 1.9 ሜትር ቢሆን ዓይኑን በ30 ዲግሪ ይሞላለታል።

የቀኝና የግራ ስፒከሮች ከመካከለኛው መስመር ግራና ቀኝ ከ22 እስከ 30 ዲግሪ ይቀመጣሉ። በዚህ ክፍል 30 ዲግሪ ብንወስድ ከጐን ግድግዳ ጋር ሊነካኩ ይደርሳሉ፤ እኔ 25ቱን እመርጣለሁ። ከፊቱ ግድግዳ 80 ሴንቲ ሜትር ቢወጡ፥ እያንዳንዱ ከመካከለኛው መስመር 1.27 ሜትር፥ ከጐን ግድግዳ 68 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው አፋቸው በተቀመጠ ሰው ጆሮ ትክክል፥ ከወለሉ ከ1 እስከ 1.2 ሜትር መሆን አለበት፤ ከቁም ሣጥን ራስ ላይ መስቀል ልማድ ሆኗል፥ ግን አይረባም። ንግግሩን የሚያሰማው የመካከሉ ስፒከር ከስክሪኑ ሥር ሆኖ ፊቱ ወደ ተመልካቹ ጥቂት ቀና ይበል። የኋለኞቹ ሁለቱ ከተመልካቹ ጐን ጥቂት ወደ ኋላ፥ በ110 ዲግሪ ያህል ይቆማሉ።

ከጐን ግድግዳ የሚመለሰውን ድምፅ ለመያዝ አንድ ሰው በመቀመጫው ላይ ይቀመጥ፥ ጓደኛው መስተዋት ይዞ በግድግዳው ላይ ያንሸራትት፤ ስፒከሩ በመስተዋቱ ውስጥ የታየበት ቦታ ድምፁም የሚመለስበት ነውና፥ ወፍራም ጨርቅ ወይም የመጽሐፍ መደርደሪያ እዚያ ይደረግ።

ሰብዉፈር የሚባለው የወፍራም ድምፅ ስፒከር በማዕዘን ቢቀመጥ ሦስት ገጾች፥ ሁለቱ ግድግዳና ወለሉ፥ ስለሚያግዙት ይበረታል፤ ነገር ግን የቆሙትን ሞገዶች ሁሉ ይቀሰቅሳል። የሚሻለውን ቦታ ለማግኘት አንድ ብልኀት አለ። ድምፅ ከአንዱ ነጥብ ወደ ሌላው ሲሄድ፥ አመንጪውና ሰሚው ቦታ ቢለዋወጡ ውጤቱ ያው ይሆናል። ስለዚህ ስፒከሩን ለጊዜው በሶፋው ላይ አስቀምጦ፥ ባለቤቱ በግድግዳው ሥር በጕልበቱ እየዳኸ ያዳምጥ፤ ወፍራሙ ድምፅ እኩልና ጥርት ብሎ የተሰማበት ቦታ የስፒከሩ ቦታ ነው። እንግዳ ቤት ውስጥ ሲኖር የሚደረግ ነገር ግን አይደለም።

ድምፁ ወደ ጐረቤት እንዳያልፍ ምንጣፍና መጋረጃ ምንም አይረዱም፤ እርሱን የሚያግደው የግድግዳ ክብደትና የበር ክፍተት መዘጋት ነው። በኮንዶሚንየም የሚኖር ሰው ስለዚህ ሰብዉፈሩን በማታ ዝቅ ማድረግ አለበት። ቤቱን ገና የሚሠራ ሰው ደግሞ ከልስን በፊት ለአናጢውና ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው የሚነግረው አንድ ነገር ይቀረዋል፤ ከስክሪኑ ሥር ተነሥቶ በሁለቱ የጐን ግድግዳዎች ውስጥ እስከ ኋለኞቹ ስፒከሮች የሚደርስ የሽቦ ቱቦ ይቀበር፥ ጫፉም ከወለሉ 1.2 ሜትር ከፍ ብሎ ይውጣ።