ደላላ የማይገባበት ገበያ፤ በአሜሪካ ፓርኮች የሦስት ሌሊት ማደሪያ ስንት ያወጣል?

ዋጋው በመንግሥት የተተመነ ነው። የቦታው ብዛት የታወቀና በቀላሉ የማይጨምር ነው። በበጋ ወራት ደግሞ ፈላጊው ከቦታው ይበልጣል። እንዲህ ባለ ገበያ ላይ አየር ባየር የሚሸጥ እንደማይጠፋ ለመርካቶ ሰው መንገር አያሻም። በአሜሪካ ስቴት ፓርኮች ውስጥ ያለው የድንኳንና የአርቪ ማደሪያ ግን ይህ ሁሉ ተሟልቶለት ደላላ የለውም። አርቪ የሚባለው አልጋ፣ ማዕድ ቤትና መጸዳጃ ያለው፣ በራሱ ሞተር የሚሄድ ወይም በሌላ መኪና የሚጎተት ቤት ነው።

ቦታው የሚያዘው በተከራዩ ስም ሲሆን በብዙ ክፍላተ ግዛት ለሌላ ሰው አትርፎ መሸጥ የተከለከለ ነው። የአንድ ሌሊት ኪራይ በአመዛኙ ከ20 እስከ 50 ዶላር ስለሆነ ከሆቴል ጋር አይወዳደርም። በዚህም የተነሳ ፉክክሩ ከዋጋ ወጥቶ ወደ ቀን መቁጠሪያ ተሸጋግሯል። ቀድሞ ያወቀ ይይዛል፤ ዘግይቶ የሰማ የተሰረዘ ቦታ ይጠብቃል።

ቀኑን የሚያውቅ ያገኛል

ምዝገባ የሚከፈትበት ጊዜ በየክፍለ ግዛቱ ይለያያል። ሜሪላንድ ከ1 ዓመት በፊት ትመዘግባለች፤ ቨርጂኒያ ከ11 ወር፣ ካሊፎርኒያ ከ6 ወር፣ ቴክሳስ ደግሞ ከ5 ወር በፊት። ፍሎሪዳ እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ አንስቶ ለነዋሪዎቿ 11 ወር ስትፈቅድ ከሌላ ክፍለ ግዛት ለሚመጣው 10 ወር ብቻ ሰጥታለች። የአንድ ወር ብልጫ ቀላል ቢመስልም ተፈላጊ የሆኑ የባሕር ዳርቻ ቦታዎች የሚያልቁት በዚያች ወር ውስጥ ነው።

ቦታ ይዞ የሚቀር ሰው ለሁሉም ኪሳራ ነው። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣችው ሕግ ሳይሰርዝ በቀረ ወይም ዘግይቶ በሰረዘ ላይ የገንዘብ ቅጣት የጣለችው ለዚህ ነው። የተሰረዘው ቦታ ወደ ገበያው ስለሚመለስ፣ ዘግይቶ ያሰበ ቤተሰብ ከጉዞው በፊት ባሉት ቀናት ደጋግሞ ቢያይ ይጠቅመዋል። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ያሉት ሌሊቶች፣ እንዲሁም ተማሪዎች ትምህርት የሚገቡበት የመስከረም ወር ከሐምሌ ቅዳሜዎች ይልቅ በቀላሉ ይገኛሉ።

ማዕበል ያፈረሰው የመሬት ሽያጭ

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለሚኖሩት በርካታ ኢትዮጵያውያን ከሚቀርቡት አንዱ 150 ማይል ገደማ የሚርቀው የአሳቲግ ደሴት ነው። በአትላንቲክ ዳርቻ ላይ የዱር ፈረሶች የሚንጋጉበት ይህ አሸዋማ ደሴት ለመሬት ነጋዴ የሚነገር ታሪክ አለው። በ1950ዎቹ አልሚዎች መሬቱን ሸንሽነው፣ ባልቲሞር ቡሌቫርድ የተባለ ጎዳና አስፋልት አንጥፈው በሺህ የሚቆጠሩ ቦታዎችን ሸጠው ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1962 የተነሳው ማዕበል ግን ጎዳናውንና አብዛኞቹን ቤቶች ጠራርጎ ወሰደ። ገዢዎቹ በአሸዋ ላይ የተሸነሸነ ካርታ ይዘው ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ1965 የአሜሪካ ምክር ቤት ደሴቱን ብሔራዊ የባሕር ዳርቻ አድርጎ ደነገገ። የአስፋልቱ ስባሪ ዛሬም በአሸዋው መሐል ይታያል።

በደሴቱ ላይ ዛሬ ሁለት ባለቤቶች ጎን ለጎን ማደሪያ ያከራያሉ፤ አንዱ የሜሪላንድ ክፍለ ግዛት፣ ሌላው የፌዴራሉ መንግሥት ነው። የምዝገባ መሥመራቸው የተለያየ ሲሆን የፌዴራሉ የሚከፈተው ከ6 ወር በፊት ነው። በመሆኑም በአንደኛው ቦታ ያጣ ቤተሰብ በሌላኛው ሁለተኛ ዕድል አለው። በስቴት ፓርኩ ውስጥ ኤሌክትሪክ ያላቸው ቦታዎች ጥቂት መሆናቸውን ግን አርቪ የሚከራይ ሰው አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ኪራይ ወይስ ግዢ?

አንድ አምስት ቤተሰብ ያለው አባወራ ለሦስት ሌሊት፣ ደርሶ መልስ 300 ማይል ይጓዛል እንበል። አርቪው በቀን 200 ዶላር ቢከራይ ለ4 ቀን 800 ዶላር ይሆናል። በጋሎን 10 ማይል ቢሄድና ጋሎኑ 3.50 ዶላር ቢሆን የነዳጅ ወጪው 105 ዶላር ነው። ማደሪያው በሌሊት 40 ዶላር ቢታሰብ 120 ዶላር ይጨመራል። ድምሩ ኢንሹራንስ፣ የጽዳትና ትርፍ ማይል ክፍያ ሳይገባ 1,025 ዶላር ደረሰ።

ይኸው ቤተሰብ በራሱ መኪና ድንኳን ይዞ ቢሄድ፣ በጋሎን 25 ማይል ሲታሰብ ነዳጁ 42 ዶላር፣ በ30 ዶላር ሂሳብ ማደሪያው 90 ዶላር፣ በድምሩ 132 ዶላር ይበቃዋል። ለድንኳን፣ ለፍራሽና ለምድጃ 300 ዶላር ቢያወጣ እንኳ ዕቃው ለከርሞም ያገለግላል።

ግዢውስ? በ60 ሺህ ዶላር አርቪ ገዝቶ በዓመት ሦስት ጊዜ ብቻ የሚወጣ ሰው በዚያው ገንዘብ ለ25 ዓመት ሊከራይ ይችል ነበር። የማቆሚያ ቦታ፣ ኢንሹራንስና ጥገና በዚህ ላይ ይደመራሉ። አርቪ እንደ መሬት ዋጋው አይጨምርም፤ ከመሸጫው ግቢ በወጣ ማግስት መውረድ ይጀምራል።

የፋብሪካዎቹ ታሪክም ይህንኑ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2009 በገንዘብ ቀውሱ ጊዜ ወደ ሻጮች የተላኩት አዳዲስ አርቪዎች ወደ 166 ሺህ ወርደው ነበር። በወረርሽኙ ዘመን ሰው ከሆቴልና ከአውሮፕላን ሲሸሽ፣ በ2021 ከ600 ሺህ በልጠው ክብረ ወሰን ተመዘገበ። በ2023 ደግሞ ወለድ ሲንርና ፍላጎት ሲበርድ ወደ 313 ሺህ ተመለሱ። የፋብሪካዎቹ መናኸሪያ በሆነችው በኢንዲያና የኤልክሃርት ከተማ ሥራ ሲቀዘቅዝ የኢኮኖሚ ተመልካቾች ጆሯቸውን የሚያቆሙት፣ ሕዝቡ ኪሱ ሲሳሳ መጀመሪያ የሚተወው እንዲህ ያለውን ግዢ በመሆኑ ነው።

ከመነሳት በፊት

አንድ ቦታ የሚይዘው ብዙውን ጊዜ 6 ሰው ነው። አክስት፣ አጎትና የጎረቤት ልጆች ተጠራርተው 15 የሚሆኑ ከሆነ ሦስት ጎን ለጎን ያሉ ቦታዎች በአንድ ጊዜ መያዝ አለባቸው፤ በር ላይ ደርሶ መለማመጥ አይሠራም። አልኮል በብዙ ፓርኮች የተከለከለ ወይም ፈቃድ የሚጠየቅበት ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ የጄኔሬተርም ሆነ የቴፕ ድምፅ አይፈቀድም።

የማገዶ እንጨት ከቤት ጭኖ መሄድም አይመከርም። እ.ኤ.አ. በ2002 በሚሺጋን የተገኘውና የአሽ ዛፍን የሚጨርሰው ነፍሳት ወደ ሌሎች አካባቢዎች ከተዛመተባቸው መንገዶች አንዱ በእንጨት ውስጥ ተደብቆ ነው። እንጨት የሚገዛው እዚያው በሚነድበት አካባቢ ነው። ቡና የሚቆላውም ለእሳት በተዘጋጀው ቀለበት ወይም በጋዝ ምድጃ ላይ ነው።

ባለ 30 አምፒር መሥመር የሚሸከመው 3,600 ዋት ነው። የአየር ማቀዝቀዣ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድና የውኃ ማፍያ አንድ ላይ ከተሰኩ ብሬከሩ ይወርዳል፤ እንጀራው ከቤት ተጋግሮ ቢሄድ ይሻላል። በአሳቲግ ደግሞ አጭር የድንኳን ካስማ ከአሸዋው በንፋስ ስለሚነቀል ረጅሙ ይያዝ፤ የወባ ትንኝ መከላከያም አይረሳ። ምግብ ሳይከደን ከተተወ ፈረሶቹ ይበሉታል፤ እነሱን መመገብ ደግሞ ያስቀጣል።

ብዙዎች የሚከስሩት ቅደም ተከተሉን በመገልበጥ ነው። ባለ 32 ጫማ አርቪ ከፍለው ከተከራዩ በኋላ ቦታ ሲፈልጉ፣ የቀረው 25 ጫማ ብቻ የሚያስገባ ሆኖ ያገኙታል። መጀመሪያ ቀኑ፣ ቀጥሎ ቦታውና ርዝመቱ፣ ከዚያ በኋላ መኪናው ይያዝ። የኪራይ ቀብድ የሚከፈለው የፓርኩ ማረጋገጫ እጅ ከገባ በኋላ ነው።