የመጀመሪያውን ምላጭ ስለ መምረጥ

ጢሙን ራሱ በታጣፊ ምላጭ ለመላጨት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ሊመረምረው የሚገባው የእጀታውን ውበት ሳይሆን ስለቱን ነው። ዱልዱም ምላጭ ጠጕሩን በመቍረጥ ፈንታ ይጐትተዋል፤ ላጪውም እጁን ስለሚያከብድ ቆዳው ይቈስላል፤ ቍስሉም ለተሐዋስያን በር ይሆናል።

አዲስ ምላጭ ሁሉ የተሳለ አይደለም። ብዙው ከፋብሪካ ሲወጣ ለፊት የሚበቃ ስለት ስለሌለው፣ ለመላጨት ተስሎ የተዘጋጀ መሆኑን ሻጩን መጠየቅ ያስፈልጋል። ቀጥሎም ስለቱን ወደ ላይ አድርጎ ከመብራት ሥር መመልከት ነው፤ በደንብ የተሳለ ስለት አያብለጨልጭም፤ የሚያብለጨልጭበት ቦታ ቢኖር ደንዟል ወይም ተሸርፏል። ጥሩ ምላጭ ቆዳን ሳይነካ የክንድን ጠጕር ጫፍ ይቈርጣል። በጣት መፈተን ግን አደገኛ ነው።

ጠፍሩ የተሳለውን ስለት ይጠብቃል እንጂ ዱልዱሙን አይስልም። በጠፍር ላይ ሲያመላልሱት ጀርባው ይቀድማል፤ ስለቱ ይከተላል። የደነዘዘውን የሚስለው ድንጋይ ነው፤ ይህም ልምድ ላለው ሰው ቢተው ይሻላል።

ምላጭ የአንድ ሰው ብቻ ንብረት ይሁን። ሄፓታይተስ ቢ የተባለው የጕበት በሽታ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ሊቆይ ይችላልና፣ የሌላ ሰው ምላጭ በውሃ ስለ ታጠበ ብቻ ንጹሕ ሆኗል አይባልም።

መምህራን ይህን ጢም ማብቀል ለጀመሩ ተማሪዎቻቸው ቢያስረዱ መልካም ነው። ምላጩን የሚስልለት ሰው ያላገኘ ግን፣ ስለቱ የሚለወጠውን ዓይነት መርጦ ሲደነዝዝ በአዲስ ቢተካው ይጠቀማል።