ጅብና ሁዳዴ

በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ የዱር እንስሳው በእርሻውና በግጦሹ ብዛት ከተመናመነ ብዙ ዘመን ስለ ሆነው፥ ጅብ ሲሳዩን የሚያገኘው ከሰው ደጅ ነው፤ ቀን በገደልና በዋሻ ተሸሽጎ ይውልና ጀምበር ስትጠልቅ ወደ መንደርና ወደ ከተማ ወርዶ፥ ከሥጋ ቤት ጓሮ የተጣለውን አጥንት፥ ከመንገድ ዳር የወደቀውን ጥንብ፥ ሲመቸውም ከአጥር ውጭ ያደረውን ከብት ይበላል። እንዲህ ያለው ኑሮ የአውሬውን ጠባይ ምን ያህል ለሰው ሥርዓት እንዳስገዛው ለማወቅ፥ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ግደይ ይርጋ ከኢትዮጵያና ከአውሮፓ ባልደረቦቻቸው ጋር አንድ ምርመራ አደረጉ፤ ውጤቱም በ2012 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጆርናል ኦፍ አኒማል ኢኮሎጂ በተባለው መጽሔት ታተመ። የተነሡበት ጥያቄ፥ ምእመናኑ ሥጋ በተዉ ጊዜ ጅቡ ምን ይበላል የሚል ነበር።

ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ከቅበላ ማግስት ጀምሮ ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፥ ቢላዋው ወደ ሰገባው ይመለሳል፥ በየጓሮው የሚጣለው አጥንትና ሆድ ዕቃም ይጠፋል። ማንም ሊቅ በገዛ እጁ ሊያደርገው የማይቻለውን ፈተና፥ ማለት የአንድ አገር አራዊትን ገበታ በአንድ ሌሊት ማንሣትን፥ ቤተ ክርስቲያን ሳታስበው በየዓመቱ ትፈጽምላቸዋለች።

ጅብን ምን በላህ ብሎ መጠየቅ ስለማይቻል የተመረመረው፥ አንባቢ ይቅር ይበለኝና፥ ዓይነ ምድሩ ነው። አጥንት ቆርጥሞ የሚያልም እንስሳ ነውና ዓይነ ምድሩ ሲደርቅ እንደ ኖራ ይነጣል፤ ነገር ግን አጥንቱን የሚያቀልጠው ያ ጨጓራ ጠጕርን ማቅለጥ አይሆንለትም። ጠጕሩ ታጥቦ በአጉሊ መነጽር ሲታይ፥ በላዩ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተነባበረው ረቂቅ ልባስ የበጉ ከላሙ፥ የላሙ ከአህያው የተለየ ስለ ሆነ፥ ከታወቀ ጠጕር ጋር እያስተያዩ የሟቹን ነገድ ይለያሉ።

ከጾሙ በፊት የአህያ ጠጕር ድርሻ 14.8 በመቶ ነበር፤ በጾሙ ወራት 33.1 በመቶ ደረሰ፤ ከፋሲካ በኋላ ወደ 22.2 በመቶ ወረደ። ጅቡ ስለ ጾም የሚያውቀው የለም፤ የሚያውቀው አጥንቱ መቅረቱን ነው፥ ስለዚህም ጥራጊ መልቀሙን ትቶ ወደ አደኑ ይመለሳል። ላሙና በጉ በጋጣ ሲያድሩ፥ ቀኑን ሙሉ ስትጫን የዋለችው አህያ ብዙ ጊዜ ውጭ ትቀራለች፤ ከጅብ አያስጥልም እየተባለ የሚቀለድበት ባሏም የሚያድረው እዚያው ከእርሷ ጋር ነው።

የሰው መኖር የአራዊትን ጠባይ የሚለውጠው በእኛ አገር ብቻ አይደለም፤ በ2018 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኬትሊን ጌይነርና ባልደረቦቻቸው ከልዩ ልዩ አህጉር ስለ 62 ዓይነት አጥቢ እንስሳት የተጻፈውን ሰብስበው፥ ሰው በበረታበት ስፍራ አራዊቱ የቀን እንቅስቃሴያቸውን ቀንሰው ወደ ሌሊት እንደሚያዘነብሉ አሳይተዋል። እኔን ይልቁን የሚያስደንቀኝ የእኛው ጅብ ነው፤ እነዚያ ከሰው ሲሸሹ እርሱ ከሰው ጋር በአንድ ባሕረ ሐሳብ ይኖራልና።

እንግዲህ አህያ ያላችሁ ባላገሮች፥ የዘንድሮው ሁዳዴ ሲገባ አህያችሁን ከአጥር ውጭ አታሳድሩ።