የግዕዝ መጻሕፍት በኮሌጅቪል

ስለ ግዕዝ ሥነ ጽሑፍ የተጻፈ ጥናት የሚያነብ ሰው በግርጌ ማስታወሻዎቹ ውስጥ «ኢ.ኤም.ኤም.ኤል. 1832» የመሰለ ምልክት ደጋግሞ ያገኛል። ይህኛው በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለአባ ኢየሱስ ሞዐ የተጻፈው ወንጌል ነው። ወንጌሉ የሐይቅ እስጢፋኖስ ነው፤ የማይክሮፊልም ቅጂውን ግን ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመታት ያነበቡት በአሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ነበር።

ዩኒቨርሲቲው የካቶሊክ ነው። የቤኔዲክት መነኮሳት እ.ኤ.አ. በ1856 ገዳም መሠረቱ፤ በዓመቱ ትምህርት ቤት ከፈቱ። መጽሐፍ መገልበጥና መጠበቅ የቆየ የገዳማውያን ሥራ ስለሆነ፣ በ1965 በኦስትሪያ ገዳማት ያሉ የእጅ ጽሑፎችን በማይክሮፊልም ማንሳት ጀመሩ። የገፋፋቸው ስጋት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሞንቴ ካሲኖ ገዳም ሲፈርስ ታይቷል፤ ሌላ ጦርነት ቢነሣ ደግሞ ኑክሌሩ ምንም አያስተርፍም ተብሎ ይፈራ ነበር።

ምልክቱ ኢ.ኤም.ኤም.ኤል. የሆነው የኢትዮጵያው ሥራ የተጀመረው በ1973፣ በፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን ነው። የሱስንዮስንና የኢየሱሳውያንን ታሪክ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ፣ ካቶሊኮች የተዋሕዶን መጻሕፍት ሊያነሡ መጡ ሲባል ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ግን እንግሊዞች ከመቅደላ ዘርፈው የጫኑት ብራናውን ራሱን ነበር፤ ወደ ኮሌጅቪል የሄደው ፊልም ብቻ ነው። መጽሐፉ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል፣ የፊልሙ አንድ ቅጂ አዲስ አበባ ይቀራል። አብዮቱም ሥራውን አላስቆመውም፤ በመጨረሻ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ተነሡ።

ፊልም መሰብሰብ ግን ገና ጥናት አይደለም። ውስጡ ምን እንዳለ ካልታወቀ በሣጥን የተዘጋ መጽሐፍና ፊልም ልዩነት የላቸውም። ይህን ሸክም የተሸከሙት በዋናነት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በካይሮና በጀርመን ተምረው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ ነበር። በ1975 የደርግ ወታደሮች ቤታቸው ድረስ መጥተው በጥይት ስለመቷቸው ከወገባቸው በታች ሽባ ሆኑ። በዓመቱ ኮሌጅቪል ገቡ፤ እስከ 2021 ዕረፍታቸው ድረስም ከግዕዝ አልተለዩም።

ካታሎግ ማዘጋጀት ከሩቅ ሲያዩት የጸሐፊ ሥራ ይመስላል። ፊልሙ በማንበቢያው ላይ ይዘረጋል፤ ቅጠሉ ይቆጠራል፣ ዐምዱና መስመሩ ይታያል፣ የመጽሐፉ መነሻ ቃል ይገለበጣል፣ ከፊደሉ ቅርጽ ዘመኑ ይገመታል። ከዚያ የኅዳጉ ተራ ይመጣል። በተአምረ ማርያም ወይም በወንጌል ባዶ ገጽ ላይ የርስት ክርክር፣ የንዋየ ቅድሳት ዝርዝር፣ የአንድ ንጉሥ ትእዛዝ ተጽፎ ይገኛል፤ የታሪክ ሰዎች ይበልጥ የሚጓጉት ለዚሁ ነው። በእኔ ግምት የዚህ ካታሎግ ትልቁ ስጦታም እነዚህን ማስታወሻዎች አለመናቁ ነው። አንድ መጽሐፍ ደግሞ አንድ ድርሰት ብቻ አይደለም፤ በገድል ጥራዝ መካከል ማንም ያላወቀው ድርሳን ተደብቆ ሊኖር ይችላል።

ፕሮፌሰሩ በ1988 የማክአርተር ሽልማት አገኙ። ለአማርኛ አንባቢ ግን ይበልጥ የሚታወቁት በ«ባሕረ ሐሳብ» እና በ«ደቂቀ እስጢፋኖስ» ነው፤ ሁለተኛው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የተሰደዱትን መነኮሳት ታሪክ ከግዕዝ ወደ አማርኛ የመለሰ ነው።

ዛሬ የሚኒሶታን ብርድ መቅመስ ግድ አይደለም። ፊልሞቹን የያዘው የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ስብስቡን በኢንተርኔት እያወጣ ነው፤ በነፃ የተመዘገበ ሰው ጎንደርም ሆነ ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጦ ቁጥሩን አስገብቶ ያነባል። ጀማሪ ግን አንድ ነገር ይወቅ፦ የያኔው ፊልም ጥቁርና ነጭ ነው። ጸሐፊው በቀይ ቀለም የለያቸው የቅዱሳን ስሞች ደብዝዘው ግራጫ ይሆናሉ፤ አንዳንዴ ጭራሽ አይነበቡም። የዚያን ጊዜ መድኃኒቱ ብራናው ካለበት ደብር ድረስ ሄዶ ቄሰ ገበዙን ማስፈቀድ ነው።