የአሮጌ መኪና ፍሬን ማሻሻል፦ ከኮረም ወደ ቆቦ ቁልቁለት አንጻር

ከኮረም ተነሥቶ በአላማጣ በኩል ወደ ቆቦ የሚወርድ ተሽከርካሪ 1,000 ሜትር ያህል ከፍታ ይቀንሳል። በኢትዮጵያ ከተሞች በእድሳት ዕድሜው የረዘመው ቮልስዋገን ቢትል ከነተሳፋሪዎቹ 1,100 ኪሎ ግራም ቢመዝን፣ በዚህ ቁልቁለት የሚለቀው ጉልበት 11 ሚሊዮን ጁል ገደማ ነው። ሞተሩና አየሩ ያልያዙት ሁሉ በፍሬኑ ላይ ሙቀት ይሆናል።

አብዛኞቹ አሮጌ ቢትሎች በአራቱም ጎማ ታምቡር ፍሬን አላቸው። ታምቡሩ ሲግል ሰፍቶ ከሸራው ይርቃል፤ ሸራውም የመያዝ ኃይሉን ያጣል። ዲስክ ግን ለአየር የተጋለጠ ስለሆነ ሙቀቱን ቶሎ ይለቃል። የፊት ጎማዎችን ወደ ዲስክ መለወጥ የሚመረጠውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሆኖም ዲስክ መግጠም ብቻውን በቂ አይደለም። በታምቡር ውስጥ የፊተኛው ሸራ በጎማው ዙረት እየተሳበ ይጠብቃል፤ ዲስክ ይህ እገዛ ስለሌለው የበለጠ ግፊት ይሻል። ስለዚህ ዋናው የፍሬን ፓምፕ አብሮ መመጠን አለበት። ሰርቮ ቢጨመር እንኳ፣ በኮረም ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ወለል በሩብ ያህል ስለሚያንስ እገዛው ይቀንሳል። የኋላው ፍሬን ከፊቱ ቀድሞ ጎማ እንዳይቆልፍም ሚዛኑ መፈተሽ ይኖርበታል፤ አለዚያ መኪናው ይዞራል።

የፍሬን ዘይትም የማሻሻያው አካል ነው። አዲስ ዶት 4 ዘይት ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አይፈላም፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን የመፍያ ነጥቡ ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ሲፈላ የሚፈጠረው እንፋሎት ስለሚታመቅ ፔዳሉ ይሰምጣል፤ ፍሬኑም አይዝም። በመሆኑም በራያ ዳገት ለሚወርድ አሮጌ መኪና ከዲስኩ በፊት የሚቀድሙት ትኩስ ዘይትና ዝቅተኛ ማርሽ ናቸው።